የትኛው ቦረና?

አጎቴ የሰፈራችን የቅሬ ዳኛ ናቸው። ቅሬ የአዲስ አበባ ሰው እድር የሚለው ነው፤ ወሎ ላይ ስሙ ቅሬ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ መቃብር ያስቆፍራል፣ ለቀስተኛ ያስተናግዳል። ሰው አልሞት ሲል ደግሞ መዋጮ ያልከፈለውን ያሳድዳል። የኛ ሰፈር ሰው ጤነኛ ስለሆነ አጎቴ አብዛኛውን የዳኝነት ዘመናቸውን ያሳለፉት በማሳደዱ ነው።

ለእረፍት መካነ ሰላም የገባሁ ለት ማታ፣ ጥግ ጥጉን አይጥ የቀመሰው ደብተር አምጥተው ጉልበቴ ላይ ጣሉብኝ።

«አንተ ልጅ፣ ‹ሥራዬ ኮምፒዩተር ነው› ትላለህ አይደል?»

«አዎ ጋሼ።»

«በል ይህን ደብተር ኮምፒዩተር አድርግልኝ።»

«ሦስት ቀን ይበቃኛል» አልኩ። በኛ ሙያ «ሦስት ቀን» የጊዜ መለኪያ አይደለም፤ ሰላምታ ነው። አጎቴ ግን ይህን ከየት ይወቁ? በሦስተኛው ቀን ማታ፣ ራት ተበልቶ ከተነሣ በኋላ፣ መነጽራቸውን ጠርገው አጠገቤ ተቀመጡ።

እስከዚያ የሆነውን ላስቀድም። አንድ የኮምፒዩተር ሥራ እንደ ማንኛውም ቤት ሳሎንና ጓዳ አለው። ሳሎኑ እንግዳ የሚያየው ገጽ ነው፤ ባለሙያው ፍሮንትኤንድ ይለዋል። ጓዳው፣ ማለትም ባክኤንዱ፣ እህሉ ያለበት ነው፤ ስም ዝርዝሩ፣ መዋጮው፣ ዕዳው። ሳሎኑን እኔ ልሠራ፣ ጓዳውን ደሴ ያለ ጓደኛዬ ሊሠራ ተስማማን። እሱ ፍላስክ በሚባል የፓይተን መሣሪያ በሁለት ቀን ጨረሰው። እኔ ደግሞ ቪት በሚባለው ልሠራ። ቪት በፈረንሳይኛ «ፈጣን» ማለት ነው፤ ይህን ቃል ለኋላው ያዙልኝ።

ኢንተርኔት የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አንዳንድ ቀን አለ። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወዲህ ግን እኔ ኢንተርኔትን የማየው እንደ ዝናብ ነው፤ ሲመጣ እዘራለሁ፣ ሲቀር አልቀየምም። ደግነቱ ይህ ሥራ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ሳሎኑም ጓዳውም እዚያው ላፕቶፕ ውስጥ ናቸው። የሚቸግረው ዕቃውን ማስገባቱ ላይ ነው። ቪት ለመሥራት ኖድ ሞጁልስ የሚባል ፎልደር ያስፈልገዋል፤ በውስጡ በሺህ የሚቆጠሩ፣ እያንዳንዳቸው ከጤፍ ፍሬ የማይበልጡ ፋይሎች አሉ። ጓደኛዬ ዚፕ አድርጎ አንድ ከረጢት ማድረግ ሲችል፣ ጤፉን አንድ በአንድ እየቆጠረ ፍላሽ ላይ ሲጭን አደረ። ጠዋት ፍላሹን ለአውቶብስ ረዳት ሰጠው። ፍላሹ የጉጉፍቱን ብርድ ችሎ፣ አቀስታን አልፎ፣ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ማምሻውን መካነ ሰላም ገባ። ምንም አልጎደለበትም።

ያን ሁሉ መንገድ በሰላም የመጣው መረጃ የተሰናከለው የመጨረሻዋ ስንዝር ላይ ነው፤ ከላፕቶፔ ጓዳ እስከ ላፕቶፔ ሳሎን።

እንግዲህ አጎቴ አጠገቤ እንደተቀመጡ ገጹን ከፈትኩት። ከላይ በደማቅ አረንጓዴ «የሰፈራችን ቅሬ» ይላል። ከሥሩ፦ «የተመዘገቡ አባላት፦ 0»።

አጎቴ ወደ ስክሪኑ ጠጋ፣ ራቅ፣ እንደገና ጠጋ አሉ።

«ጭራሽ ፈጀኸን?»

«አይ ጋሼ፣ አሉ። ገና አልመጡም።»

«ማን ከለከላቸው?»

«ኮርስ።»

ከምድጃው በኩል እታለም፣ የአጎቴ ባለቤት፣ ቀና አለች። «የምን ኮርስ? ትምህርቱን ጨርሰህ መስሎኝ! ያ ሁሉ ዓመት ገንዘብ የተላከልህ በምን ተበላ?»

ኮርስ ግን ትምህርት አይደለም፤ ስሙ ገጥሞ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ያለ፣ እንግዳ የሚቀበል ፕሮግራም ሁሉ የራሱ በር አለው፤ ፖርት ይባላል። በሮቹ ቁጥር አላቸው፤ ቁጥሩ እስከ 65,535 ይደርሳል። (አጎቴ ይህን ሲሰሙ «ማታ ማታ ማነው የሚዘጋው?» አሉ። መልስ የለኝም።) ፍላስክ ሌላ ካልነገሩት 5000 ላይ ይቀመጣል። ቪት 5173 ላይ። ይህ 5173 ዝም ብሎ የመጣ ቁጥር እንዳይመስላችሁ፦ 5 በሮማውያን አጻጻፍ «ቪ» ነው፣ 1 «አይ»ን፣ 7 «ቲ»ን ይመስላል፣ 3 ደግሞ የተገለበጠ «ኢ» ነው። አንድ ላይ ሲነበብ የራሱ ስም ይሆናል። ቪት እስከ 2022 እ.ኤ.አ. 3000 ላይ ነበር፤ በሦስተኛው እትም ነው ስሙን በሩ ላይ የጻፈው። እኛም ሰፈር ስሙን በቆርቆሮ በሩ ላይ ያስጻፈ ሰው አለ፤ የቅሬ መዋጮ ሲጠየቅ ግን በሩን አይከፍትም።

ወደ ነገሬ። ብራውዘሩ ገጹን ያመጣው ከ5173 ነው። ገጹ ደግሞ «ስም ዝርዝር ከ5000 አምጣልኝ» አለው። ብራውዘር ከ1995 እ.ኤ.አ.፣ ከኔትስኬፕ 2 ጀምሮ፣ የማይለቀው አንድ ሕግ አለው፤ አንድ ገጽ ማንበብ የሚችለው የገዛ ቤቱን ብቻ ነው። ቤት የሚባለው ደግሞ ሦስት ነገር ሲገጥም ነው፦ ፕሮቶኮሉ፣ የአስተናጋጁ ስም፣ ፖርቱ። ከሦስቱ አንዱ ከተለየ ባዕድ ነህ።

አጎቴ ሕጉን ወደዱት። «የባንክ ሒሳብዎን በአንድ በኩል ከፍተው፣ በሌላ በኩል የሰው ሠርግ ቪዲዮ ቢያዩ፣ የሠርጉ ገጽ ዘው ብሎ የባንኩን እንዳያነብ ነው» ስላቸው «ደግ አድርጓል» አሉ። «ሠርግ ቤት የሚመጣ ሰው ሁሉ አይታመንም።»

«ግን ጋሼ፣ የኔዎቹ በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ያሉ ናቸው። አንድ ቤት!»

«በሩ ከተለያየማ ጎረቤት ነው» አሉ፣ ከብራውዘሩ ጋር ወግነው።

የሚያቃጥለው ደግሞ ይህ ነው፤ ጓዳው መልሱን ሰጥቷል። በፍላስክ መስኮት ላይ 200 የሚል ቁጥር ይታያል፤ «ሰጥቻለሁ፣ ከእጄ ወጥቷል» ማለት ነው። ምግቡ ተሠርቶ፣ ወጥቶ፣ በራፍ ላይ ደርሶ፣ አጋፋሪው «ይህ ከማን ጓዳ ነው?» ብሎ ይዞት ቆሟል። እንግዳው ባዶ ገበታ ላይ እጁን ታጥቦ ይጠብቃል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ፣ ጓዳው ራሱ «የ5173 ሰው ቢወስድ ፈቅጃለሁ» የሚል ቃል ከመልሱ ጋር እንዲልክ ማድረግ፤ ኮርስ የሚባለው ይህ ፈቃድ ነው። ይህን የሚያደርገው የጓዳው ባለቤት ነው፤ የጓዳው ባለቤት ደሴ ነው፤ ስልኩ ዝግ ነው። ሁለተኛው ፕሮክሲ ነው።

ፕሮክሲን ለአጎቴ ማስረዳት ስጀምር አላስጨረሱኝም። «ሽማግሌ መላክ ነው በለኛ!»

ልክ ናቸው። አጎቴ በዚህ አገር ለስንቱ ጎረምሳ ሚስት የጠየቁ ሰው ናቸው። ልጁ ራሱ ሄዶ የልጅቱን አባት «ልጅዎን ይስጡኝ» ቢል ውሻ ነው የሚለቀቅበት። አጎቴና ሁለት ሽማግሌ ጋቢ ለብሰው ሲሄዱ ግን ያው ጥያቄ፣ ያው ቃል፣ ጆሮ ያገኛል። ፕሮክሲም እንዲሁ ነው። ገጹ ወደ 5000 አይሄድም፤ የገዛ ቤቱን 5173ን ይጠይቃል። ጥያቄው «ስላሽ ኤፒአይ» ብሎ የሚጀምር ከሆነ ቪት ራሱ ተነሥቶ ወደ 5000 ይሄዳል፣ መልሱን ይቀበላል፣ ይዞ ይመጣል። ብራውዘሩ የሚያየው ከቤቱ የወጣ ጥያቄ ከቤቱ መልስ ሲያገኝ ነው። የሽማግሌዎችን ንግግር የሚሰማ አጋፋሪ ደግሞ የለም፤ ያ ሕግ የብራውዘር እንጂ የሰርቨር አይደለም።

የሚጻፈውም ብዙ አይደለም፤ በቪት ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ አምስት ስድስት መስመር። የትኛው ጥያቄ እንደሚሄድ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ ሌላም «ቼንጅ ኦሪጅን» የምትባል አንዲት መስመር። ይህችን መስመር ሰው ሁሉ ይጽፋታል፤ ምን እንደምትሠራ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። እኔም ለሦስት ዓመት በእምነት ብቻ ስጽፋት ኖሬያለሁ። ሥራዋ ቀላል ነው፦ መልእክተኛው በር ሲያንኳኳ «የማንን ቤት ነው የምትፈልገው?» ሲባል፣ የተነሣበትን ሳይሆን የሄደበትን ቤት ስም እንዲጠራ ታደርጋለች። አንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ተከራይ ካለ ይህ ወሳኝ ነው። ጓዳው እዚያው ላፕቶፕ ውስጥ ብቻውን ሲቀመጥ ግን ብትኖርም ባትኖርም ለውጥ የላትም። ያም ሆኖ ጻፍኳት፤ ልማድ ነው።

መድረሻውን «ሎካልሆስት፣ 5000» አልኩ። ሎካልሆስት ማለት «እዚሁ፣ የገዛ ቤቴ» ማለት ነው። ፋይሉን እንዳስቀመጥኩት ቪት በራሱ ተነሥቶ እንደገና ጀመረ። ገጹን አደስኩት።

«የተመዘገቡ አባላት፦ 0»።

አሁን ግን የኮርስ ስሕተት የለም። በምትኩ 500 የሚል ስሕተት፤ በተርሚናሉ ላይ ደግሞ ቀይ በቀይ የሆነ ጽሑፍ።

«ሽማግሌው ተመልሶ መጣ» አልኩ።

«ምን አሉት?»

«አልተቀበሉትም።»

«አልተቀበሉትም ወይስ ቤቱ ውስጥ ሰው የለም? ሁለቱ ይለያያሉ። አልሰጥም የሚል ሰው ቢያንስ በሩን ከፍቶ ነው የሚለው።»

ይህን ጥያቄ አንድ መሐንዲስ ቢጠይቀኝ ደመወዝ ይጨመርለት እል ነበር። ቀዩ ጽሑፍ የሚለው «በዚህ በር የሚያዳምጥ የለም» ነው። እኛ ሰርቨር በሩ ላይ «ያዳምጣል» እንላለን። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ደንቆሮ የሚባል ጫካ አለ፤ አሁን በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት። ያን ማታ ጫካው ከፍላስክ በተሻለ የሚሰማኝ ይመስለኝ ነበር። ይሁን እንጂ ፍላስክ ቁጭ ብሏል! መስኮቱ ክፍት ነው። «እየሠራሁ ነው» ይላል።

ፍላስክን አጥፍቼ አስነሣሁ። ቪትን አጥፍቼ አስነሣሁ። ላፕቶፑን አጥፍቼ አስነሣሁ። ፖርቱን ከ5000 ወደ 5001 ቀየርኩ፣ ከዚያ መለስኩ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ የጎረቤት ልጅ ቡና ሊጠጣ ገብቶ ነበርና «ዊንዶውሱን ፎርማት አድርገው» አለኝ። ይህ ምክር ከዓለም ዳር እስከ ዳር ለማንኛውም ችግር የሚሰጥ ነው። አንድ ሰዓት ሄደ። ሁለተኛው ሄደ። ፈጣን ማለት ነው ብያችሁ አልነበር?

አጎቴ ሲሰለቻቸው ጨዋታ ጀመሩ። ሊረዱኝ አይደለም፤ ወጣት ሲያቅተው ማየት ስለሚያጫውታቸው ነው።

«የካፖርቴን ነገር ነግሬህ አውቃለሁ?»

መቶ ጊዜ ነግረውኛል። ለናንተ ልንገራችሁ። ድሮ አዲስ አበባ ያለ ዘመዳችን ለአጎቴ ካፖርትና ሁለት ብርድ ልብስ በጆንያ ጠቅልሎ፣ ላዩ ላይ የአጎቴን ስምና «ቦረና» የሚል ቃል ጽፎ ላከ። ቦረና ወረዳ፣ ደቡብ ወሎ፣ ዋና ከተማዋ መካነ ሰላም። ይህ ለኛ ግልጽ ነው። ለጫኙ ግን ቦረና አንድ ነው፤ ኦሮሚያ ውስጥ ያለው፣ ዋና ከተማው ያቤሎ የሆነው። ጆንያው ወደ ሰሜን እንደመውጣት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ወረደ።

«እኔ እዚህ በብርድ ስንዘፈዘፍ» አሉ አጎቴ፣ «ካፖርቴ ያቤሎ ላይ ፀሐይ ይሞቃል!»

የስሙ መመሳሰል እንኳ የአጋጣሚ አይደለም፤ የወሎ አገር ስሞች ብዙዎቹ ኦሮምኛ ናቸው። ቱሉ አውሊያ የሚለውን ውሰዱ፤ «ቱሉ» ኮረብታ ነው። ስም አገር ለአገር ይዞራል፣ አድራሻ ግን አይዞርም። ለዚህ ነው በኛ አገር ዕቃ የሚልክ ሰው ሁሉ ሁለት ጊዜ የሚጠየቀው። ሳይንት ብትል «አምሐራ ሳይንት ነው መሐል ሳይንት?» ትባላለህ።

«ያን ጊዜ» ቀጠሉ አጎቴ፣ «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ ‹የትኛው ቦረና?› ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ…»

እኔ ግን መስማት አቁሜያለሁ። ዓይኔ ቀዩ ጽሑፍ ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ «አልተቀበሉትም» የሚለውን ብቻ አንብቤ ቀጥሎ ያለውን አላነበብኩም። ቀጥሎ ያለው አድራሻ ነው፦ ::1፣ ፖርት 5000። ወደ ፍላስክ መስኮት ዞርኩ። እዚያም አድራሻ ተጽፏል፣ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ፦ 127.0.0.1፣ ፖርት 5000።

ሁለት ቦረና!

ሎካልሆስት ስም ነው፤ አድራሻ አይደለም። በስሙ የሚጠሩ ሁለት አድራሻዎች አሉ፤ በአሮጌው የአይፒ ሥርዓት፣ በአራተኛው፣ 127.0.0.1፤ በአዲሱ፣ በስድስተኛው፣ ::1። ሁለቱም «የገዛ ቤቴ» ናቸው፤ በሮቻቸው ግን ለየብቻ ነው። ቪት የሚሠራበት ኖድ እስከ 16ኛው እትም ድረስ ሎካልሆስት ሲባል አሮጌውን ያስቀድም ነበር። በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. የወጣው 17ኛው እትም ይህን ትቶ ኮምፒዩተሩ በሰጠው ቅደም ተከተል መሄድ ጀመረ። የኔ ላፕቶፕ መጀመሪያ የሚሰጠው አዲሱን ነው፤ የኔ ኖድ ደግሞ 18ኛው ነው። ፍላስክ የተቀመጠው አሮጌው አድራሻ ላይ ብቻ ነው። ሽማግሌዬ ጋቢውን ለብሶ ያቤሎ ሄዶ ባዶ ቤት ሲያንኳኳ አመሸ። ደሴ ያለው ጓደኛዬ ላይ ያልደረሰውም ለዚህ ነው፤ የሱ ኖድ 20ኛው ነው፤ ያኛው አንዱ በር እምቢ ሲለው ሌላውን ይሞክራል። ከሁለት ትውልድ በኋላ ማለት ነው ኖድ «የትኛው ቦረና?» ብሎ መጠየቅ የተማረው።

«ሎካልሆስት» የሚለውን ቃል አጥፍቼ 127.0.0.1 ብዬ ጻፍኩ። አደስኩት።

«የተመዘገቡ አባላት፦ 0»።

አጎቴ ተነሥተው ወደ መኝታቸው ሊሄዱ ነበር። እታለም «ተዉት እንግዲህ፣ ልጁ ደክሞታል» አለች። ግን ስሕተቱ ተለውጧል፤ አሁን 404 ነው፤ የሚለውም ፍላስክ ራሱ ነው። ይህ ታላቅ ለውጥ ነው። በሩ ተከፍቷል፣ ሽማግሌው ገብቷል፣ ተናግሯል፤ ባለቤቱ «ምን እንደምትል አልገባኝም» ብሎታል። ውሸት አይደለም፣ 404ን በደስታ የተቀበልኩት ያን ለት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ያዳነኝ የኔ ብልሃት አይደለም። እታለም ሁለተኛውን ቡና ልታወርድ ስትል ጎረቤታችን ቀርታ ነበርና የልጅ ልጇን ጠራች፤ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። «ሂድና እትዬን ‹ቶናው ደርሷል፣ ነይ ጠጪ ብላለች› በላት» ብላ ላከችው። ልጁ እየሮጠ ወጣ። ከአጥሩ ወዲያ ድምፁ ጥርት ብሎ ተሰማ፦

«እትዬ! ሂድና እትዬን ቶናው ደርሷል ነይ ጠጪ ብላለች በላት!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ ብቻ አልሳቅኩም። የኔም መልእክተኛ ያደረገው ይህንኑ ነው! «ስላሽ ኤፒአይ» የሚለው ቃል ለቪት የተሰጠ ትእዛዝ ነው፤ «ይህን ወደ ጓዳ ውሰደው» ማለት ነው። መልእክቱ ከዚያ ቀጥሎ ያለው «አባላት» የሚለው ነው። ቪት ግን ካልነገሩት በቀር እንደ አምስት ዓመት ልጅ ነው፤ ትእዛዙንም መልእክቱንም አንድ ላይ ይናገራል። ጓደኛዬ ጓዳውን ሲሠራ «አባላት» ለሚለው ጥያቄ መልስ አዘጋጅቷል፤ «ኤፒአይ አባላት» የሚባል ሰው አያውቅም።

ለዚህ «ሪራይት» የምትባል አንዲት መስመር አለች። መንገዱ መጀመሪያ ላይ ያለችውን «ስላሽ ኤፒአይ» ቆርጠህ ጣል፣ የቀረውን ውሰድ ትላለች። መጀመሪያ ላይ ያለችውን ብቻ፤ መሐል ላይ ያለችውን አትንካ። ጻፍኳት። (ዛሬ ብሆን አልጽፋትም። ጓዳውን ራሱን «ኤፒአይ» በሚለው ስም ማስለመድ ይሻላል፤ የልጅን መልእክት ከማስተካከል አዋቂ እንዲለምደው ማድረግ ይቀላል። ያን ጊዜ ግን ጓዳውን መንካት ፈራሁ፤ ቆልፎ የሄደው ሰው ስልኩ ዝግ ነው።)

አደስኩት።

«የተመዘገቡ አባላት፦ 86»።

እታለም እልል አለች። ስሙ ሁሉ ወረደ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ባለሱቁም ገበሬውም። አጎቴ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። እኔ ደግሞ፣ ልብ በሉልኝ፣ በጎ አስቤ፣ ዝርዝሩን ከፍተኛ ዕዳ ያለበት ከላይ እንዲመጣ አድርጌዋለሁ። ዳኛው ማንን እንደሚያሳድድ በቶሎ እንዲያይ ብዬ ነው።

ከላይ የመጣው የመጀመሪያው ስም የአጎቴ ነው። አራት ወር።

ቤቱ ጸጥ አለ። የሚሰማው የጀበናው ድምፅ ብቻ ነው።

«ይህን ያመጣው» አሉ አጎቴ ቀስ ብለው፣ «ያ የላክነው ሽማግሌ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ሽማግሌ የተላከበትን ነው የሚናገረው። ያየውን ሁሉ አይዘከዝክም።»

እታለም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች። ስትስቅ ይሰማ ነበር።

እሑድ የቅሬው ሰው ተሰበሰበ። የቅሬው ጸሐፊ ሱቅ ውስጥ ኮምፒዩተር አለ፤ ሥራውን እዚያ ላሳይ። ቪትን «አሁን የመጨረሻውን ሥራልኝ» አልኩት፤ ሳሎኑን አሳጥሮ፣ ጠቅልሎ፣ አንድ ፎልደር ውስጥ አድርጎ ሰጠኝ። በፍላሽ ወሰድኩት። ጓዳውንም ወሰድኩ። ፎልደሩን ከፓይተን ጋር በሚመጣው ቀላል ሰርቨር ከፈትኩት። ሰማንያ ምናምን ሰው በሱቁ በርና መስኮት አንገቱን አስግጓል።

«የተመዘገቡ አባላት፦ 0»።

ማወቅ ነበረብኝ። እንዲያውም አውቃለሁ፤ ለሌሎች አስተምሬዋለሁ። የቪት ፕሮክሲ ያለው ቪት ሲኖር ብቻ ነው፤ ሥራው እየተሠራ ሳለ። ሲጠቀለል ሳሎኑ ብቻ ነው የሚጠቀለለው፤ ሽማግሌው ሠርጉ እንዳለቀ ጋቢውን አጣጥፎ ወደ ቤቱ ሄዷል። ገጹ «ስላሽ ኤፒአይ» እያለ ይጣራል፤ ቀላሉ ሰርቨር «እንዲህ የሚባል ፋይል የለኝም» ይለዋል። መፍትሔ አለው፤ ወይ ኤንጂንኤክስ የሚባል ቋሚ መልእክተኛ መቅጠር ነው፣ ወይ ሳሎኑን ለፍላስክ ሰጥቶ ሁለቱም በአንድ በር እንዲወጡ ማድረግ። ለአንድ ቅሬ ሁለተኛው ይበቃል። ጓዳው «ኤፒአይ» የሚለውን ስም የለመደ ቢሆን ኖሮ ደግሞ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር።

ያን ግማሽ ሰዓት ግን ማን ይስጠኝ? አጎቴ ከወንበራቸው ተነሡ፤ ወደ ስክሪኑ አመለከቱ።

«እንግዲህ ወገኖቼ፣ እንደምታዩት በኮምፒዩተሩ መሠረት ዕዳ ያለበት ሰው የለም።»

እንዲህ ያለ ጭብጨባ ለሥራዬ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም።

ማታ ጓደኛዬ ከደሴ ደወለ። «ፍላሹ ደረሰ?» አለኝ። ሰኞ ጠዋት አጎቴ ማንም ሳይልካቸው ጸሐፊው ሱቅ ሄደው የአራት ወሩን አንድ ላይ ከፈሉ። ጸሐፊውም በደብተሩ ጻፈላቸው፤ መዝገቡ እስካሁን ደብተር ነው።

ክረምቱ እየመጣ ነው፤ እኛ አገር ብርዱ ይከፋል። አዲስ አበባ ያላችሁ ዘመዶቻችን ለአጎቴ ካፖርት ለመላክ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ጆንያው ላይ «ደቡብ ወሎ፣ መካነ ሰላም» ብላችሁ ጻፉበት።